የተመለሱት ካርዶች

ሲስተር መንበረ ዘወትር ጠዋት የሰባት ቁጥርን በር ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው መስኮቱን መግፋት ነው። የቆላው ሙቀት ከበረኪናው ሽታ ጋር ተጋግሮ ክፍሉ ውስጥ ያድራል፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ በእሱ ምትክ የናፍጣ ጭስና የመንገዱ አቧራ ይገባል። ከዚያ ጠረጴዛዋን ትወለውላለች፤ ጓንቱን፣ ጥጡንና የመርፌ መጣያውን ሳጥን ቦታ ቦታ ታስይዛለች፤ የኮንዶሙን ካርቶን ሰው ሳያፍር እጁን ሊሰድበት ወደሚችልበት ወደ በሩ ጥግ ታስጠጋለች። በመጨረሻ ቢጫውን የካርድ ጥራዝ ከመሳቢያ ታወጣለች። ይህን ማድረግ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ከተማዋ መገንጠያ ትባላለች። ሁለት አስፋልት የሚለያይባት፣ ወደ ወደብ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ጎማ የሚያስነፉባት፣ ሾፌሮችም ደክሟቸው የሚያድሩባት ከተማ ናት። ሰባት ቁጥር ከጤና ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ነው። በሩ ላይ ድሮ «የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና» የሚል ተጽፎ ነበር፤ የሚገባው ሰው እንዳይሸማቀቅ ብላ መንበረ ራሷ ጽሑፉን ፍቃ ቁጥሩን ብቻ አስቀረች።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ታማ ስትመጣ ትመረመራለች፣ መድኃኒቷን ታገኛለች፣ ከዚያም ለባሏ ወይም ለጓደኛዋ የምታደርሰው ቢጫ ካርድ ይሰጣታል። ካርዱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው መንበረ ዘንድ በሚቀረው በጥራዙ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሰውየው ካርዱን ይዞ ከመጣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው ይታከማል። ካልመጣ ግን ሴቲቱ በዳነች በወሩ መልሳ ትያዛለች። አይመጡም። አንዱ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል፣ አንዱ ካርዱን ያጥፍና ሲጋራ ይለኩስበታል፣ አንዱ ሚስቱን ይመታል። መንበረ ሥራዋ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ሆኖ ከታያት ቆይቷል፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ጥርሷን ነክሳ እንደዋለች የምታውቀው መንጋጋዋን ሲያማት ነው።

የሺመቤት የጎሚስታው የደጉ ሚስት ናት። አምና ሰባት ወር የሞላው ልጇ ሞቶ ነው የተወለደው። መንበረ ነበረች የተቀበለችው፤ ቆዳው ተልጦ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጣቶቹ ግን አምረው ተሠርተው ነበር። ደሟ ሲታይ ቂጥኝ ተገኘባት። ፔኒሲሊኗን ተወጋች፣ ዳነች፣ ደግሞም አረገዘች። አሁን በአምስተኛ ወሯ፣ የላቦራቶሪው ረታ ውጤቷን ይዞ ሲገባ መንበረ ከፊቱ አነበበችው። እንደገና ተይዛለች።

«ካርዱን ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ምን አለ?»

የሺመቤት የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ብጥስጥስ አድርጎ ቀደደው። ‘ላመጣሽበት ወስደሽ ስጪው’ አለኝ።»

«እስኪታከም ድረስ አትድረሺበት አላልኩሽም? ወይ ኮንዶም...»

«በማን ቤት ነው እምቢ የምለው፣ ሲስተር?»

መንበረ ብልቃጡን ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ አወጣች። መርፌውን ወጋቻት፤ መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ ያማል፤ የሺመቤት ድምፅ ሳታሰማ አልቅሳ፣ ሌላ ካርድ እንኳ ሳትቀበል ወጣች።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት መንበረ ራሷ ወደ ጎሚስታው ቤት ሄደች። የሴትዮዋን ምስጢር እንዳታወጣ ተጠንቅቃ፣ የነፍሰ ጡር ባል ሁሉ ይመረመራል፣ ደንብ ነው አለችው። ደጉ ወገቡ ድረስ ራቁቱን ነበር፣ ላቡ በደረቱ ይወርዳል፤ መዶሻውን ጥሎ ደረቱን ደቃ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን አሞኝ አይተሻል? የታመመ ይታከም!»

ጎማ የሚያስቀይሩት ሾፌሮች ሳቁ። ስትመለስ ጤና ጣቢያው ለምሳ ባዶ ሆኖ ነበር። ሰባት ቁጥር ገብታ በሩን በንዴት ዘጋች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ፀሐይዋ እንደ ምጣድ ስትጮህ ይሰማል። «ኧረ እንደው የሚጎትትልኝ ቢገኝ!» አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም። «እየጎተተ አምጥቶ የሚያስቀምጥልኝ!» ከዚያ ፊቷን ታጥባ ቤቷ ምሳ ልትበላ ሄደች።

በሳምንቱ ሰኞ፣ ከምሳ ተመልሳ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቢጫ ካርድ አገኘች። በሩን ቆልፋ ነበር የወጣችው። ካርዱ እርጥበት ነበረው፣ ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ የሚመስል ቅዝቃዜም ነበረው፤ በዚያ ሙቀት ጣቷን እንዲህ የሚያቀዘቅዝ ነገር መገንጠያ ውስጥ የለም። ቁጥሩን ከጥራዙ ግማሽ ጋር አመሳከረች። ደጉ ብጥስጥሱን ያወጣው የየሺመቤት ካርድ ነው። ወደ መስኮቱ አንስታ፣ ብርሃን ውስጥ አገላብጣ አየችው፤ የተቀደደበት ቦታ አልነበረም።

በማግስቱ የሺመቤት እየሳቀች መጣች። «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር። ታከምኩ አለኝ። መወጋቱንም አየሁ፣ እያነከሰ ነው የገባው።»

መንበረ የሕመምተኞች መዝገቡን አየች፤ ደጉ የሚል የለም። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ አንድም ብልቃጥ አልጎደለም። ዋሽቷታል ብላ ደሟ ፈላ፣ የደም መቅጃ መርፌና ብልቃጥ ኪሷ ከታ፣ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

የጎሚስታው ቤት ጸጥ ብሎ ነበር። አየር መንፊያው አይጮህም፤ ዘወትር የሚጤሰው የጎማና የማጣበቂያ ሽታ ጠፍቶ፣ በምትኩ የተዘጋ ጓዳ ሲከፈት የሚመጣው ዓይነት እርጥብ የአፈር ሽታ ይሸታል። ደጉ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ታቃጥላለች፣ ግንባሩ ላይ ግን አንድ ጠብታ ላብ የለም። ሲያያት ተነሣ።

«ይቀመጡ፣ ሲስተር።»

እርስዎ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ደጉ፣ ሰባት ቁጥር መጥተሃል?»

«መጥቻለሁ። በስድስት ሰዓት።»

«ማን ወጋህ?»

«እርስዎ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ እኔ ቤቴ ምሳ ላይ ነኝ።»

«እሱንም ነግረውኛል» አለ ደጉ።

ደም ልቅዳልህ ስትለው ንግግሯን ሳትጨርስ ክንዱን ዘረጋላት። መርፌው ሲገባ ፊቱ አልተለወጠም። ደሙ እየጎተተ፣ በግድ የመጣ ያህል እየቆየ ወደ ብልቃጧ ወረደ፤ መልኩም ጥቁር ነበር። ብልቃጧን በመዳፏ ጨብጣ ይዛ ስትመለስ ጣቶቿ ደነዘዙ።

ረታ ናሙናውን ተቀብሎ ሲሠራ ቆይቶ፣ እየተከዘ ወደ ክፍሏ መጣ። ከት ብሎ የሚስቅ፣ ቀልድ የማይጠፋበት ሰው ነበር፤ ያን ቀን አልቀለደም።

«ይሄን ደም ስንት ቀን አቆይተሽው ነው ያመጣሽው?»

«ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው የቀዳሁት።»

ረታ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። «ውጤቱ ንጹሕ ነው። ቂጥኝ የለበትም። ወባ የለበትም። ነጭ የደም ሴሉን ፈለግሁ፣ እሱም የለም። ምንም የለበትም፣ ሲስተር። ምንም።»

ከዚያ በኋላ ካርዶቹ ይጎርፉ ጀመር። በየቀኑ ከምሳ ስትመለስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት እርጥብ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድሮ ታገኛለች፤ ሲጋራ የተለኮሰበትም፣ ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋውም ተመልሶ ይመጣል። ቁልፍ አስቀየረች፤ ካርዶቹ ግን አልቀሩም። ሴቶቹ በተራ እየመጡ ያመሰግኗታል። ባሌ መጠጥ ተወ፣ ባሌ ከቤት አይወጣም፣ ባሌ መማታት ትቷል ይሏታል። ምስጋናው በበዛ ቁጥር ድምፃቸው ዝቅ እያለ መምጣቱን መንበረ ልብ አለች። አንዷ መውጫው ላይ ቆም ብላ፣ «ብቻ ሌሊት አይተኛም» አለቻት፤ «ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። ምን ታያለህ ስለው ‘ተራዬን’ ይለኛል።» ሌላዋ ምንም አላለችም፤ የተንጠለጠለውን ነጭ ጋዋን አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

በመገንጠያ አስፋልት ዳር ያሉት ግሮሰሪዎች ሙዚቃቸውን አጠፉ። መኪኖቹ ይቆማሉ፣ ሾፌሮቹ ይወርዳሉ፣ ግን የሚጯጯህ የለም። መንበረ ወደ ሥራ ስትሄድ በየበሩ የተቀመጡ ወንዶች አንድ ላይ ተነሥተው እጅ ይነሷታል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮው አስጠራት። ፊቱ በርቷል። «ከወረዳ ተደውሎ ነበር። በተመለሱት ካርዶች ብዛት የትዳር አጋር ሕክምናችን ከዞኑ አንደኛ ወጥቷል። እንደ ምርጥ ተሞክሮ ሊቀመር ነው፤ አንቺ ታቀርቢዋለሽ።»

«አቶ ሞላልኝ፣ እኔ አንድም ወንድ አላከምኩም።»

«ትሕትናሽን እናውቀዋለን።»

«ትሕትና አይደለም! መዝገቡን እይ። መድኃኒቱን እይ። የሚመጡት እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው። ሰዎቹም ደህና አይደሉም፤ ሄደህ ፊታቸውን እይ እስቲ!»

ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን አነሣ። «ማን ነው ታዲያ የሚያክማቸው?»

መንበረ ከወንበሯ ተነሣች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እባካችሁ ወንዶቹን ቀስቅሱልኝ ብላ ስትጮህ የሰማት አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ይቁምልኝ ስትል የሚሰማት አጣች። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የሺመቤት ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«ልጁ መራገጥ ተወ» አለች በሹክሹክታ። «ጨዋ ሆነ። ልክ እንደ አባቱ።»

መንበረ አልጋው ላይ አስተኝታ የጽንሱን ልብ ማድመጫ ሆዷ ላይ ተከለችና ጆሮዋን ደገፈችበት። መጀመሪያ የራሷን ደም ሹክሹክታ ብቻ ሰማች። ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ የልብ ምት መጣ። ሕፃን ልብ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው የሚሮጠው፤ ይሄ ግን ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ጎልማሳ ሰው ደረጃ ሲወርድ እንደሚረግጠው ይመታል። «አለ፣ ይመታል» አለች መንበረ፣ እናቲቱን ለማረጋጋት። ድምፅዋን ሲሰማ ምቱ ቆመ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ እሱም ጠበቀ፤ የሚያደምጠው እሱ መሆኑ ሲገባት ጆሮዋን ከማድመጫው አነሣች።

የሺመቤትን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። አምቡላንሱ አቧራ አልብሷት ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ ነገ ምሳ አልሄድም ብላ ቆረጠች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ፣ ዘበኛው ጋሽ ቡሽራ መቅረቷን አይቶ ወደ መስኮቷ መጣ።

«ልጄ፣ ቀትር ላይ ባዶ ቤት አይቀመጡም። የእነሱ ሰዓት ነው።»

«የማን?»

ጋሽ ቡሽራ ምራቁን ትፍ ብሎ፣ ከግቢው ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ሊጠለል ሄደ።

መንበረ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር አድርጋ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከዛፎቹ ጥላ ጠፋ፣ ዝንቦቹ ግድግዳው ላይ ረጋ አሉ፣ ከአስፋልቱም የሚመጣው የሞተር ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ተቋረጠ። ቆርቆሮው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ከግቢው ጠጠር ላይ ኮቴ ተሰማ፤ የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ፣ የማይቸኩል፣ እግር የሚጎትት ኮቴ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ከውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር በሰው ክብደት ሲጢጥ ሲል ሰማች። የአፈሩ ሽታ በበሩ ሥር እየተሳበ መጣ፤ በበሩ ሥር ባለው ስንጥቅም ብዙ ጫማዎች ብርሃኑን ጋርደው ቆመው ታዩዋት። ማንም አላንኳኳም። ማንም አልተነፈሰም። መንበረ ተነሥታ፣ ከፍርሃቷ ይልቅ ቁጣዋ ገፍቷት፣ በሩን በርግዳ ከፈተችው።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። አግዳሚው ላይ አንድ ቢጫ ካርድ ብቻ ተቀምጧል።

ቁጥሩን ከጥራዙ ጋር አመሳከረች። ገና ያልተሠራበት ገጽ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ፣ የሕመምተኛዋ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «መንበረ» ይላል።

ጥራዙን ከደነችው። ከዚያ ለሌሎች ሺህ ጊዜ ያደረገችውን ለራሷ አደረገች፤ ጣቷን በጥጥ ጠርጋ ወጋች፣ ጠብታዋን ፈጣን መመርመሪያው ላይ አሳረፈች፣ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። አንድ መስመር ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ ስስ ሆኖ፣ ኋላ እየቀላ ወጣ።

አጥናፉ። የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው፣ በወር ሁለት ሳምንት መስክ የሚያድረው ባሏ፤ ዛሬ ቤት ነው። «የኔ ባል እንዲህ አይደለም» የሚሏትን ሴቶች ሁሉ «በሽታው ሰው አይመርጥም» ስትላቸው ኖራለች፤ እሷ ራሷ ግን አንድ ቀን ጣቷን ወግታ አታውቅም። የመጣባት እንባ አልነበረም፤ ያው የዘወትር ንዴቷ ነበር፣ አሁን ግን የሚያርፍበት ቤት ያገኘ። የፔኒሲሊኑን ብልቃጥና መርፌውን ጠረጴዛዋ ላይ አዘጋጀች። ይከራከራታል፣ ይምላል፣ ይገዘታል፤ ቢሆንም እንደማንኛውም ሰው ተኝቶ ይወጋል፣ እሷም ትወጋለች፣ ሌላው ሌላው በኋላ ይደርሳል። በፀሐዩ እየሮጠች ሄደች። በየበሩ ያሉት ወንዶች ዛሬ ስታልፍ አልተነሡላትም።

የቤቷን በር ገፋችው፤ ከውስጥ ተቆልፏል። ደበደበችው። አጥናፉ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ፊቱ ደረቅ ነው።

«ጫማህን አድርግና ና» አለች እያለከለከች። «ሰባት ቁጥር። አሁኑኑ።»

«ታክሜያለሁ» አለ አጥናፉ በጨዋ ድምፅ። «አሁን ባለቤቴ ወጋችኝ።»

ከጓዳ በኩል የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የመንበረ የራሷ ድምፅ፣ እሷ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያጣችው እርጋታ ያለበት ድምፅ፣ «ማን ነው አጥናፉ?» ሲል ጠየቀ።

አጥናፉ የመንበረን ፊት ከላይ እስከ ታች፣ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው አየና፣ «ማንም አይደለም» ብሎ በሩን በትሕትና ዘጋባት።